የጋራው ፎልደር ለምን አልከፈት አለ? የስምንት ቀን የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሥራውን የተቀበልኩት በስልክ ነው። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ሰጪ ሲሆን፣ የተነገረኝ ችግር «የጋራው ፎልደር አይከፈትም» የሚል ብቻ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚያሳውቁበት ጊዜ ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ፣ እንዲህ ያለ ቢሮ በዚህ ወር አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ የሚጎዳው ራሱ ብቻ ሳይሆን ሰነዱን አምኖ ያስረከበው ደንበኛ ሁሉ ነው። ስለዚህ ሥራቸውን ሳላስቆም ለመሥራትና የነካሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ለመጻፍ ገና ከቤት ሳልወጣ ወሰንኩ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት እየተቀመጥኩ ፎልደሩን ለመክፈት ሞከርኩና የወጣውን መልእክት ከነቁጥሩ ቃል በቃል ገለበጥኩ። ይህ አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ እርምጃ እንደሆነ አምናለሁ። «አይከፈትም» የሚለው የሠራተኛው ቃል ነው፤ ማሽኑ የሚለው ሌላ ነው፣ ያም ቢሆን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይለያያል።

ፎልደሩ የሚገኘው ሁሉም «ሰርቨሩ» በሚሉት፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ በተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን የተቀመጠውም በዲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ቢሮ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዊንዶውስ 10 በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት ስለሚቀበል ሰባት ሰው አይከብደውም። ከሰርቨሩ ሌላ ያሉት ሰባት ኮምፒውተሮች የሰጡኝ መልስ እንዲህ ነው። በፊተኛው ክፍል ያሉት አንደኛውና ሁለተኛው ፎልደሩን ይከፍታሉ፤ ሁለተኛው ግን አንዳንድ ፋይሎች ላይ ሲደርስ ፈቃድ የለህም ይላል። ሦስተኛውና አራተኛው የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን እንደሚያበቃ ታውቆ በመስከረም የተገዙ አዲስ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ሲሆኑ፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ የደኅንነት ደንቡ ይከለክላል የሚል ረዘም ያለ መልእክት ያወጣሉ። በውስጠኛው ክፍል ያሉት አምስተኛውና ስድስተኛው በ80070035 ቁጥር የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም ይላሉ። ሰባተኛው የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ነው፤ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ትክክለኛው ሲሰጠውም አይቀበልም።

አንድ አቤቱታ፣ አራት ልዩ ልዩ መልስ። በአንድ መድኃኒት የማይድኑ አራት ሕመሞች መሆናቸውን ከዚህ ተረዳሁ። ነገሩን ዘመድ ለመጠየቅ እንደሚሄድ ሰው አድርጌ ከፋፈልኩት፦ መጀመሪያ መንገዱ ከቤቱ ያደርሳል ወይ? ቀጥሎ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ያውቀኛል ወይ? በመጨረሻም ከገባሁ በኋላ የትኛው ክፍል ይፈቀድልኛል? መንገድ፣ ማንነት፣ ፈቃድ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄድኩ መንገድ በሌለበት ፈቃድ ሳስተካክል እውላለሁ።

በሰርቨሩ ላይ ሁለት የሚያሳስቡ ነገሮች አየሁ። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ፋየርዎል ሙሉ በሙሉ እንዳይሠራ ተዘግቷል፤ ፎልደሩ ላይም «ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ» ተሰጥቷል፣ የደመወዝ ሰነድ ጭምር። ቀደም ሲል የመጣ ባለሙያ ነገሩን ለመክፈት ሲል ያደረገው እንደሆነ ነገሩኝ። ዛሬ አልነካሁትም፤ መዝግቤ አለፍኩ።

ልወጣ ስል ዋና የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠሩኝ። ቢሮው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ በሥራው ሃያ ዓመት የቆዩ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ከመከፈቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ውስጥ ያሉት ልጆች አስገብተናል ይሉኛል፤ እኔ ጋ ግን ፋይሉ የለም» አሉኝ። የፈቃድ ጉዳይ ይሆናል ብዬ በማስታወሻዬ ጥግ ላይ ጻፍኩት። ይህ ግምቴ ስሕተት እንደነበር ዓርብ ዕለት ነው የገባኝ።

ማታ ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ የሰርቨሩን ዲ ድራይቭ፣ 186 ጊጋባይት፣ በውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ ወጣሁ። ቅጂ ሳይዙ ፈቃድ መነካካት ተገቢ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ የሠራሁት መንገዱን ብቻ ነው። አምስተኛው ኮምፒውተር ላይ የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚጠራበትን ቁጥር፣ ስመለከት 192.168.0.104 ሆኖ አገኘሁት፤ ሰርቨሩ ግን 192.168.1.34 ነው። ሦስተኛው ቁጥር ሲለያይ ሁለቱ በአንድ ሰፈር አይኖሩም ማለት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ኬብሉን በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። የኢንተርኔት ሞደሙ በፊተኛው ክፍል ነው፤ ከእርሱ ኬብሎችን ወደሚያገናኝ ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች፣ ከስዊቹ ደግሞ በግድግዳው ሥር አልፎ በውስጠኛው ክፍል ፋይል መደርደሪያ አናት ላይ ወደተቀመጠ ሁለተኛ ራውተር አንድ ኬብል ይሄዳል። ራውተሩ ዋይፋይ እንዲያዳርስ ታስቦ የተገዛ ነው። ኬብሉ የተሰካው ግን ቀለሙ ከሌሎቹ በተለየው፣ ለኢንተርኔት መግቢያ በተሠራው ቀዳዳ ላይ ነበር። በዚህ ምክንያት ራውተሩ ዋይፋይ ማዳረስ ብቻ ሳይሆን የራሱን ሰፈር መሥርቶ፣ የራሱን አድራሻ እያደለ፣ ከኋላው ያሉትን ኮምፒውተሮች ከፊተኛው ክፍል ሸሽጎ ይዟቸዋል።

ይህን ለማረጋገጥ በሁለቱም አቅጣጫ ፒንግ አደረግኩ፤ ፒንግ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠራበት ትእዛዝ ነው። ከአምስተኛው ኮምፒውተር ሰርቨሩን በቁጥሩ ስጠራው ይመልሳል፤ በስሙ ስጠራው አይመልስም። ከሰርቨሩ ወደ አምስተኛው ኮምፒውተር ግን በቁጥርም ቢሆን መልስ የለም። ይህ አንድ ወገን ብቻ የሚያስተላልፍ መንገድ የሁለት ራውተር መደራረብ ዋና ምልክት ነው። ስሙ የማይሠራበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የስም መዝገብ የሚይዝ ሰርቨር በሌለበት ትንሽ ኔትወርክ ውስጥ ኮምፒውተሮች በስም የሚፈላለጉት «እገሌ የታለህ?» ብለው በሰፈሩ ውስጥ በመጣራት ስለሆነ፣ ራውተሩ ጥሪውን ወደ ማዶ አያሻግረውም።

ለምን ቀደም ሲል ይሠራ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ያለፈው ባለሙያ ለውስጠኛው ክፍል በስም ፈንታ በቁጥር፣ በ192.168.1.12፣ አቋራጭ ሠርቶላቸው ኖሯል። ከሁለት ሳምንት በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞደሙ ለሰርቨሩ 34ን ሰጠው፤ አቋራጩም የማይኖርበትን ቤት ማንኳኳት ቀጠለ። በከተማችን መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለምና፣ በየጊዜው በሚቀየር ቁጥር ላይ የተመሠረተ ሥራ ውሎ አድሮ መፍረሱ አይቀርም።

መፍትሔው የራውተሩን አድራሻ ማደል አጥፍቶ፣ ለራሱ 192.168.1.2ን ሰጥቶ፣ ኬብሉን ከመግቢያው ቀዳዳ ወደ ተራው ቀዳዳ ማዛወር ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ተሳሳትኩ። አድራሻ ማደሉን ሳላጠፋ ኬብሉን ስላዛወርኩት ለጥቂት ጊዜ በአንድ ሰፈር ሁለት አዳይ ሆኑ፤ የፊተኛው ክፍል ሁለተኛ ኮምፒውተርም አድራሻውን ከተሳሳተው ወገን ተቀብሎ ኢንተርኔቱ ተቋረጠበት። ሠራተኛዋ የደንበኛ ማስታወቂያ እየሞላች ስለነበር 25 ደቂቃ ሥራዋን አጓደልኩባት፤ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ይህን የሚያነብ ሰው ተመሳሳይ ሥራ ቢገጥመው መጀመሪያ አድራሻ ማደሉን ያጥፋ፣ ኬብሉን ኋላ ያዛውር።

ከዚያ በኋላ በሞደሙ ገጽ ላይ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ አስያዝኩለት፤ የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር ስለሚያውቀው መብራት ጠፍቶ ቢመለስም ያንኑ አድራሻ ይሰጠዋል። አምስተኛውና ስድስተኛው አድራሻቸውን ለቀው እንደ አዲስ ሲጠይቁ በ192.168.1 ሰፈር ገቡ፣ ሰርቨሩም በስሙ ሲጠራ ይመልስ ጀመር። ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት 445 ቁጥር በር ክፍት መሆኑን ከሰባቱም ላይ ፈተሽኩ፤ በዊንዶውስ ፎልደር የሚጋራበት የኤስኤምቢ ፕሮቶኮል የሚያልፈው በዚህ በር ነው። ፒንግ መመለሱ ብቻ ፎልደር ለመከፈቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ቤቱ መኖሩን እንጂ በሩ ክፍት መሆኑን አይናገርምና።

የስድስተኛው ኮምፒውተር ኬብል ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። ወንበሩ በተነካ ቁጥር መሰኪያው የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የስዊቹም መብራት ይጠፋና ይበራል። ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሰርኩለት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ የማንነት ተራ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የተዘጋውን ፋየርዎል መመለስ ነበረብኝ። በምሳ ሰዓት አበራሁት፤ ወዲያውም ሰባቱም ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ ተቆረጡ። ያለፈው ባለሙያ ያየው ይህንን ነው፤ እርሱ ፋየርዎሉን በመዝጋት አለፈ። እውነተኛው ምክንያት አንድ እርምጃ ወረድ ብሎ ይገኝ ነበር፦ ሰርቨሩ የቢሮውን ኔትወርክ «ፐብሊክ»፣ ማለትም እንደ ካፌ ዋይፋይ የማያምኑት ኔትወርክ አድርጎ መዝግቦታል። ዊንዶውስ በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ላይ ፎልደር ማጋራትን መዝጋቱ ትክክል ነው። ወደ «ፕራይቬት» ስቀይረውና የፋይልና የፕሪንተር ማጋሪያውን ስከፍት፣ ፋየርዎሉ በርቶ እያለ 445 በር ከሁሉም ኮምፒውተሮች ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ የሰው ደመወዝና የደንበኛ ሰነድ የያዘ ማሽን ግን ለወራት ያለ አጥር ቆይቷል።

አዲሶቹ ሁለት ኮምፒውተሮች እንግዳ አላስገባም የሚሉት ተበላሽተው አይደለም። ሰርቨሩ ላይ የይለፍ ቃል መጠየቁ ስለጠፋ ማንም ሲመጣ «እንግዳ» ተብሎ በጅምላ ይገባ ነበር። የቀድሞዎቹ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ኮምፒውተሮች ይህን ይቀበላሉ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትም ግን በፕሮ ላይ እንግዳ ሆኖ መግባትን ይከለክላል፣ ግንኙነቱም እንዲፈረም ያስገድዳል፤ እንግዳ ደግሞ የይለፍ ቃል ስለሌለው የሚፈርምበት የለውም። ክልከላውን በአዲሶቹ ላይ ማንሳት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚመክረው ይህንኑ ነው። እኔ አላደረግኩትም። መታወቂያ የሚጠይቀውን ዘበኛ ከማባረር ለሠራተኛው መታወቂያ መስጠት ይሻላል።

በዚህ መሠረት በሰርቨሩ ላይ ለሰባቱም ሠራተኞች የየራሳቸው መለያ ከፈትኩና የይለፍ ቃሉን ራሳቸው እንዲጽፉ አደረግኩ። ሁለት ሠራተኞች ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱበትን ባለ አራት አኃዝ ፒን እዚህም ሊጠቀሙ ሞክረው አልሠራላቸውም፤ ፒን የሚያገለግለው በተዘጋጀበት ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አይሻገርም። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ የይለፍ ቃል ባይኖረኝስ ብሎ ጠየቀኝ፤ ዊንዶውስ ባዶ የይለፍ ቃል ያለውን መለያ በኔትወርክ እንደማያስገባ ነገርኩት። መለያዎቹ ሁሉ ከተከፈቱ በኋላ የይለፍ ቃል መጠየቁን መለስኩት።

የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። አዲሱን ስምና የይለፍ ቃል ብሰጠውም ይመልሰኛል። ዊንዶውስ የይለፍ ቃሎችን የሚያስቀምጥበትን ቦታ (ክሬደንሺያል ማናጀር) ስከፍት በሰርቨሩ ስም የተቀመጠ የቆየ የይለፍ ቃል አገኘሁ፤ ላፕቶፑ እኔን ከመጠየቁ በፊት ያንን እያቀረበ ይመለስ ነበር። ሰረዝኩት። ከዚያ ደግሞ 1219 የሚል ቁጥር መጣ፤ ትርጉሙ አንድ ተጠቃሚ ከአንድ ሰርቨር ጋር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም መገናኘት አይችልም ማለት ነው። ቀደም ሲል በሌላ ስም የተከፈተው ግንኙነት አልተዘጋም ነበር። በኔት ዩዝ ትእዛዝ የቆዩትን ግንኙነቶች ሁሉ አፍርሼ፣ ከመለያው ወጥቼ ስመለስ ተከፈተ። በተጠቃሚ ስሙ ፊት የሰርቨሩን ስም ማስቀደምም አስፈልጓል፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ መለያውን የራሱ አድርጎ ያስበዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የፈቃድ ቀን። በዊንዶውስ ላይ አንድ የጋራ ፎልደር ሁለት ቁልፍ አለው፦ አንዱ የማጋሪያው ፈቃድ ነው፣ ሌላው በዲስኩ ላይ ያለው የኤንቲኤፍኤስ ፈቃድ ነው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ሁለቱ ሲለያዩም የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። ሁለቱን በዝርዝር ማስተዳደር ሰውን ስለሚያደናግር፣ በማጋሪያው ላይ ለቢሮው ቡድን የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ሰጥቼ ዝርዝሩን ሁሉ በዲስኩ ፈቃድ ላይ አኖርኩት። «ሁሉም ሰው» የሚለውን አነሳሁ። የደመወዝ ፎልደር ለሥራ አስኪያጁ፣ ለእትዬና ለአንዲት ረዳት ብቻ ሆነ። እትዬ ይህን ሲያዩ «እስከ ዛሬ ሁሉም ያየው ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማየት ይችሉ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ።

የሁለተኛው ኮምፒውተር ነገር እዚህ ላይ ተፈታ። ሠራተኛዋ ፎልደሩን ትከፍታለች፣ ከፋይሎቹ አንዳንዶቹ ግን አይከፈቱላትም። የማይከፈቱትን ዝርዝር ሳይ ሁሉም ቀድሞ በሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ያዘጋጃቸው ናቸው። ሰውዬው በዚያው ዲ ድራይቭ ላይ በነበረው የግል ፎልደሩ ውስጥ እየሠራ፣ ሲጨርስ ፋይሉን ቆርጦ ወደ ጋራው ያዛውረው ነበር። ፋይል ሲገለበጥ የሚሄድበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ በአንድ ድራይቭ ውስጥ ሲዛወር ግን የመጣበትን ፈቃድ ይዞ ይሄዳል። ፋይሎቹ ቤት ለወጡ፣ ቁልፋቸው ግን የቀድሞው ቤት ቁልፍ ሆኖ ቀረ።

ከጋራው ፎልደር ሥር ያሉት ሁሉ ፈቃዳቸውን ከላይ እንዲወርሱ አደረግኩ፤ የደመወዙን ግን ለብቻው ካስተካከልኩ በኋላ ነው። ይህ ትእዛዝ በሥሩ ያለውን ልዩ ፈቃድ ሁሉ ስለሚደመስስ፣ የሰኞው ቅጂ በእጄ ባይኖር ኖሮ አልደፍረውም ነበር። ከዚያም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ አንድ በአንድ አመሳከርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሰባቱም ኮምፒውተሮች ይከፍታሉ ብዬ የገባሁበት ቀን ነበር። 4 ሰዓት ገደማ የአምስተኛው ኮምፒውተር ሠራተኛ የአንድ ደንበኛ የሽያጭ ዝርዝር አስገባች፤ እትዬ በአንደኛው ኮምፒውተር ከፍተው የለም አሉ። ልጅቷ ገጹን አሳየችኝ፤ ፋይሉ አለ። እትዬ ጋ ሄድኩ፤ ፋይሉ የለም። የፈቃድ ችግር ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ታይቶ አይከፈትም ነበር እንጂ ጭራሽ አይጠፋም።

ከልጅቷ ኋላ ቆሜ አድራሻውን እንደ አዲስ፣ ቀስ ብላ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ሁለቱን ሰረዝ ጻፈች፣ የሰርቨሩን ስም ጻፈች፣ ሰረዝ፣ ከዚያ «ሂሳብ»። በሀሌታው ሀ። ወደ እትዬ ኮምፒውተር ተመልሼ የመስኮቱን አናት አየሁ፦ «ሒሳብ»። በሐመሩ ሐ።

ለእኛ ሁለቱም በአፍ አንድ ናቸው፤ ዓይናችንም ለምዶት ሳያስተውል ያልፋል። ለኮምፒውተሩ ግን ሂ እና ሒ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። እንዲያውም ይህችን አጭር ቃል በሂ፣ በሒ ወይም በኂ ጀምረን፣ መካከሏን በሳ ወይም በሣ ብንጽፍ ስድስት የተለያዩ ስሞች ይወጣሉ። በድምፅ በሚጻፍበት ኪቦርድ ላይ ሺፍት ካልተጫነ የሚወጣው ሀ ስለሆነ፣ የቸኮለ ሰው ሁሉ ወደ ሂሳብ ያዘነብላል።

ሰርቨሩ ላይ ሄጄ የተጋሩትን ፎልደሮች ዝርዝር በመስኮት ስከፍት ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰኞ ዕለት ይህንኑ ዝርዝር በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አውጥቼው ነበር፤ ያ መስኮት የግዕዝ ፊደል ስለማያሳይ በስሞቹ ፈንታ ሦስት ሦስት ባዶ ሳጥን ያሏቸው ሁለት መስመሮች አየሁ፣ «ይጣራ» ብዬ ጽፌም ሳላጣራ አለፍኩ። በነሐሴ ወር የውስጠኛው ክፍል አልከፈት ሲለው ያለፈው ባለሙያ ያን ጊዜ ከነበረው ሰነድ የተወሰነውን ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጦ፣ በሰማው ድምፅ ሰይሞ አጋርቶላቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ፊተኛው ክፍል በአንዱ፣ ውስጠኛው ክፍል በሌላው ሲሠሩ ከረሙ። የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን የቦታው ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ፎልደር ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው፣ የሰኞው ቅጂዬ ደግሞ ዲ ድራይቭን ብቻ የያዘ ነው። የሁለት ወር ሥራ ያለ አንዳች መጠባበቂያ ተቀምጧል። ሌላ ነገር ሳልነካ እርሱን ገለበጥኩ።

ማዋሐዱ ቀኑን ሙሉ ወሰደ፤ ወደ ቅዳሜም ተላለፈ። በሂሳብ ውስጥ 312 ፋይሎች አሉ። 270ዎቹ በሒሳብ ውስጥ የሉም፤ እነርሱን እንዳሉ አገባኋቸው። 42ቱ በሁለቱም ወገን አሉ፤ ከእነዚህ 31ዱ ከተገለበጡ በኋላ በአንድ ወገን ብቻ ስለተለወጡ የተለወጠው ተወሰደ። የቀሩት 11 በሁለቱም ወገን ሥራ ተሠርቶባቸዋል። አዲሱን ቀን የያዘው ይቅር ማለት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ ማን ኋላ እንደነካው እንጂ ማን ትክክል እንደጻፈ አይነግረንም። ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን ከፍቼ ለእትዬና ለልጅቷ ሰጠኋቸው፤ መስመር በመስመር አነበቡ። በአንዱ ፋይል ላይ አንድ የግዢ ደረሰኝ በሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ሳይታይ ቢሄድ ኖሮ» አሉና ሳይጨርሱት ወደ ቀጣዩ መስመር አለፉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ማዋሐዱ 5 ሰዓት ላይ አለቀ። ቀጥሎ ስሙን ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን አለ፤ ብዙ ቢሮዎች የሚያደርጉት ነው፣ ክፋትም የለውም። እትዬ ግን ሒሳብ በግዕዙ ሐሰበ ከሚለው ስለመጣ በሐመሩ ሐ ይጻፍ ብለው ተከራከሩ፤ ልክ ናቸው፣ እኔም የምጽፈው እንዲሁ ነው። ሆኖም አጻጻፉን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ነገ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ያቀረብኩት ሦስተኛ መንገድ ነው፦ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የሌሉበት አማርኛ ስም እንምረጥ። «መዝገብ» ተባለ። አራት ፊደል፣ አንድ አጻጻፍ ብቻ። የውስጥ ፎልደሮቹ ስማቸው እንዳለ ቀረ፤ እነርሱን ሰው ተጭኖ ይከፍታቸዋል እንጂ በእጁ አይጽፋቸውምና። ሰባቱም ኮምፒውተሮች ላይ «መዝገብ» ዜድ ድራይቭ ሆኖ እንዲታይ አደረግኩ፤ አድራሻ በእጅ መጻፍ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የኮፒ ማሽኑ ነገር ተነሣ። ቀድሞ ስካን የተደረገውን በቀጥታ ወደ ጋራው ፎልደር ያስቀምጥ ነበር፤ አሁን አይችልም። ማሽኑ የቆየ ስለሆነ የሚያውቀው የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ እትም ብቻ ነው። ያንን በሰርቨሩ ላይ መልሶ መክፈት ሁለት ጠቅታ ነው፤ ሠራተኞቹም ጠይቀውኛል። እምቢ ያልኩበትን ምክንያት በግልጽ ነገርኳቸው፦ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችንና ድርጅቶችን ያሽመደመደው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከማሽን ወደ ማሽን የተዛመተው በዚሁ አሮጌ እትም ቀዳዳ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጀምሮ በአዲስ በሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ በራሱ እንዳይገባ አድርጎታል። ለጊዜው ስካኑ ወደ ፍላሽ ይሄዳል፣ ከፍላሹ ወደ ዜድ ይገለበጣል። አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ተስማምተውበታል።

ከመውጣቴ በፊት የመብራት መጥፋትን አስመስዬ የሞደሙን፣ የስዊቹን፣ የራውተሩንና የሰርቨሩን ኃይል አቋረጥኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ሰርቨሩ ያንኑ አድራሻ ይዞ ተነሣ። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ዜድ ላይ ቀይ ምልክት ታየ፤ ዋይፋዩ ከመያዙ በፊት ዊንዶውስ ስለሚፈልገው ነው፣ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይከፈታል። ለሥራ አስኪያጁ አሳይቻቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለማየት ተመለስኩ። ሰባቱም በየስማቸው ገብተው እየሠሩ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ያለው የግንኙነት ዝርዝርም አንድም «እንግዳ» የሚል አያሳይም። የደመወዙን ፎልደር በማይፈቀድለት ሠራተኛ ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ ከለከለ። «ሂሳብ» የሚባለው ማጋሪያ ተነሥቷል፤ ፎልደሩ ግን ለአንድ ወር ማንበብ ብቻ ተፈቅዶለት በቦታው ይቆያል፣ ምናልባት የተረሳ ነገር ካለ።

በየማታው 2 ሰዓት የ«መዝገብ» ቅጂ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ እንዲሄድ ቀጠሮ ሰጥቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ትናንት ማታ ያለ ስሕተት አልቋል። የስሞቹን፣ የአድራሻዎቹንና የፈቃዶቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ አትሜ ለሥራ አስኪያጁ አስረክቤአለሁ፤ የይለፍ ቃል ግን አልጻፍኩበትም።

የቀረው ሰርቨሩ ራሱ ነው። መደበኛ ዝመና በማይመጣለት ዊንዶውስ 10 ላይ እንደሆነ አለ፤ መቀየር ይኖርበታል። ከጥቅምት 30 በፊት ግን አልነካውም። ኅዳር 2 ቀን ጠዋት እንድመጣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀጣጥረናል።